ጭልፊቱ የተከሰሰበት እሁድ

«ወርቄ! ኧረ ወርቄ፣ ነይ ውጪ! አይጥ ይዞ ተነሳ እኮ!»

የሺ በሩ ላይ ቆማ ታለከልካለች። ወርቄ የትምህርት ቤት ልብሷን እያጠበች ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ቀና እንኳ አላለች።

«እና? አይጥ አይተሽ አታውቂም?»

«እንዲህ አላየሁማ! ጭራው ተንጠልጥሎ... ዙለይካ 'ኮቱ' ስትለው ከላይ ዱብ! አራዳ ወፍ ነው ስልሽ!»

«እንግዲያ ሂጂና እዪዋ።»

የሺ ሄደች። የሚያቃጥለውም ይሄ መሄዷ ነው። ድሮ ቢሆን «አንቺ ካልመጣሽ እኔስ ምን አደርጋለሁ» ብላ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ትል ነበር። አሁን ነጠላ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ እያለ ወደ ጓሮ በረረች። ወርቄ ቀሚሷን እንደ ጠላት አንገት ጠመዘዘችው።

ግቢው ናዝሬት ውስጥ ከገበያው ጀርባ ያለ የቀበሌ ግቢ ነው። ብዙ ቤት፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ማለቂያ የሌለው ወሬ። ከጓሮው አጥር ማዶ የቀበሌው ሱቅ የእህል መጋዘን አለ። እና የአይጡ ነገር አይወራ! ሰው በራሽን ካርድ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ጤፍ ሲጠብቅ፣ እነሱ ያለ ካርድ፣ ያለ ሰልፍ ይበላሉ። በልተው ሲጠግቡ አጥሩን ሾልከው ወደ ግቢው ይመጡና ማገዶው ሥር፣ የተጣለው ቆርቆሮ ሥር ይተኛሉ። ድመቶቹ እንኳ መንገድ ይለቁላቸው ነበር።

ጓሮው መሐል አንድ ያረጀ ግራር አለ። ግራሩ ላይ ጭልፊት ጎጆ ሠርቷል። ማንም ግን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም፤ ጭልፊት በናዝሬት ሰማይ ላይ እንደ አቧራው ነው፣ ሞልቷል። ዙለይካ እስክትመጣ ድረስ።

ዙለይካ ከአርሲ ነገሌ የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ነው። አባቷ መሐመድዘይን በጭነት መኪና እህል ያመላልሳል፤ ሚስቱን አዴ ሆራንና ልጁን ይዞ መጣና ጥግ ያለችውን ቤት ቀበሌው ሰጠው። ልጅቷ ቀጭን፣ ረጅም ናት፤ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች። አማርኛዋ ላይ ኦሮምኛ ጣል ጣል ታደርግበታለች። መጀመሪያ ሰሞን አነጋገሯን እያስመሰለች ልጆቹን ታስቅ የነበረችው ማን መሰላችሁ? ወርቄ ናት። ንጉሡ ከወረዱ ስንት ዓመት አልፏል፤ በዚያ ጓሮ ግን ወርቄ ነግሣ ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ማን ይጀምር፣ ማን ከማን ጋር ይኮራረፍ፣ የምትወስነው እሷ ነበረች።

ከዕለታት ባንዱ ዙለይካ ማገዶ ልትለቅም ወደ ጓሮ ወጣችና የተጣለውን ቆርቆሮ ገለጥ አደረገችው። አይጥ እንደ ጥይት ወጣ። ከላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ነገር ጆሮዋን ጠርጎ አለፈ፤ ሲነሳ አይጡ ጥፍሩ ውስጥ ነው። ሌላ ልጅ ብትሆን ኡኡ ብላ ቀበሌውን ትሰበስብ ነበር። ዙለይካ ግን እጇን አጨብጭባ ሳቀች። «ጩሉሌ!» አለች። በነሱ ቋንቋ ጭልፊት ማለት ነው።

በማግስቱ ደገመችው። ከዚያ ወዲያ ወፉ ለመደ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግራሩ ላይ ሆኖ አንገቱን ወዲህ ወዲያ እያዞረ ይጠብቃታል። «ኮቱ!»፣ ና ማለቷ ነው፣ ብላ ቆርቆሮውን ታነሳለች፤ አይጡ ይወጣል፤ እሱ ይወርዳል። ልጆቹ አጥሩ ላይ እንደ ወፍ ተደርድረው ያያሉ። ልጆቹ ብቻ ቢሆኑ ምናለ! ጫማ ሰፊው ሥራውን ጥሎ ይመጣል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገመዳ ሳይቀር አንድ ቀን ቆሞ አየና «ይኸውላችሁ፣ ሠርቶ አደር ማለት እንዲህ ነው! ያለ ደመወዝ፣ ያለ ስብሰባ!» አለ። ቀጥሎ ስብሰባን ያማ መሰለውና ጉሮሮውን ጠራርጎ ሄደ።

ወርቄ አጥሩ ላይ አልወጣችም። ግን በመስኮቱ መጋረጃ ቀዳዳ ታይ ነበር፤ ማንም እንዳያያት ትንፋሿን ውጣ። ወፉ ሲወርድ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ደስ ይለዋል። ደስታውን ገና ሳትጨርሰው የዙለይካ ሳቅ ይሰማታል፤ ያ ደስ ያለው ነገር ይኮመጥጣል።

እናቷ ደግሞ አለች፤ እሳት ላይ ቤንዚን።

«እዪ እሷን! የወፍ ጠባይ ታውቃለች። አንቺ የምስርሽን ጠጠር አትለዪም።»

«እማዬ፣ ታዲያ ለምን እሷን አትወልጂም ነበር?»

«ወይ አንቺ ልጅ! አሁን ምን ተባልሽ?»

ይሄ ሁሉ ግን ይቻል ነበር። ያልተቻለው የቅዳሜው ነገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሺን ሹሩባ የምትሠራት ወርቄ ናት። የሺ መሬት ላይ ትቀመጥና ጭንቅላቷን በወርቄ ጉልበት መሐል ታስገባለች፤ የሳምንቱ ወሬ እዚያ ላይ ይፈታል፣ ይሠራል። ያን ቅዳሜ ወርቄ ሚዶውን አውጥታ፣ ቅባቱን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ቅባቱ ቀለጠ። የሺ መጣች። ጭንቅላቷ ተሠርቶ አልቋል! እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀጫጭን፣ ወደ ኋላ ተጠማዝዞ የሚሄድ፣ በናዝሬት ታይቶ የማይታወቅ ሹሩባ።

«ዙለይካ ሠራችልኝ! እንዴት ነው?»

«ያምራል» አለች ወርቄ። «ግንባርሽን ትልቅ አደረገው እንጂ።»

የሺ ግንባሯን በእጇ ሸፈነች። ወርቄ ሚዶውን ወደ ውስጥ መለሰች። ምሳ ብዪ ብትባል ሆዴን አመመኝ አለች፤ እውነትም አሟት ነበር።

እንግዲህ ወደ ጫጩቶቹ እንምጣ።

እትዬ ዘርፉ ስለ ዶሮዎቿ ከማውራት በቀር ሌላ ጸሎት አልነበራትም። ያውም ያበሻ ዶሮ አይደለም፤ ከእርሻ ቢሮ በዘመድ በአማች የመጣ ነጭ የፈረንጅ ዶሮ። ዶሮዋ ፈለፈለች። ለጫጩቶቹ የቀበሌውን ሹማምንት ስም አወጣችላቸው ይባላል፤ ይሄ ግን ሐሜት ነው፣ ማንም አላረጋገጠም። የተረጋገጠው፣ ጫጩቶቹ አንድ በአንድ መጥፋት መጀመራቸው ነው።

እትዬ ዘርፉ ሌላ ምን ልታስብ? ጫጩት ጠፋ፣ ጭልፊት ከላይ ተቀምጧል፤ አለቀ። መጥረጊያዋን ይዛ ግራሩ ሥር ትቆማለች።

«አንተ ሌባ! አንተ ጥፍራም! ውረድ ወንድ ከሆንክ!»

ጭልፊቱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያታል።

አንድ ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሲነጣ፣ ወርቄ ባልዲዋን ይዛ ወጣች። ቦኖው ጋ ሰው ሳይሰለፍ ውሃ መቅዳት የሷ ሥራ ነው፤ በግቢው ከሷ ቀድሞ የሚነሳ ሰው የለም። ጭልፊቱም ገና ጎጆው ላይ ክንፉን ሰብስቦ ተኝቷል። በእትዬ ዘርፉ የዶሮ ቤት አጠገብ ስታልፍ ሲርር የሚል ድምፅ ሰማች። ቆም አለች።

ከዶሮ ቤቱ ሳንቃ ሥር አይጥ ወጣ። አይጥ አይባልም፣ ክንድ ያክላል። አፉ ውስጥ ጫጩት አለች፤ አንገቷን ነክሶ ወደ ኋላ እየጎተተ። የጫጩቷ እግር አንዴ ተንፈራገጠ። ከዚያ ጥጉ ላይ ባለው ጉድጓድ ሁለቱም ገቡ። ሁለት ቢጫ ላባ ብቻ ቀረ፤ ንፋሱ እሱንም ወሰደው።

ወርቄ ልትጮህ አፏን ከፈተች። «እትዬ ዘርፉ! አይጥ ነው! አይጥ ነው የሚወስደው!» ልትል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ምን ታሰባት? ቢታወቅ ምን እንደሚሆን። «እሰይ ዙለይካ! ያንቺ ጩሉሌ ባይኖር ኖሮማ አንድም ጫጩት አይተርፈኝም ነበር!» ይባላል። እትዬ ዘርፉ ትስማታለች። ጓድ ገመዳ ያጨበጭባል። የሺ ሹሩባዋን እየነቀነቀች ትዘላለች።

አፏን ዘጋችና ውሃዋን ልትቀዳ ሄደች።

ከሰዓት እትዬ ዘርፉ እነወርቄ በር ላይ ያዘቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ወርቅዬ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ ጠዋት ትነሻለሽ። ያን ጭልፊት ጫጩቴን ሲወስድ አይተሽዋል?»

ወርቄ አልዋሸችም። እንዲያውም ለመዋሸት ድፍረት ቢኖራት ይሻል ነበር።

«ግራሩ ላይ ነበረ» አለች።

«ነበረ አይደል? አላልኩም!»

«ዙለይካ እኮ ናት ያለመደችው። 'ኮቱ' ስትለው ይመጣል።»

ይችን ብላ ገባች። ትንሽ ነገር ናት፤ እውነትም ናት። ግን ወሬ እንደ ሊጥ ነው፣ ሸፍነው ትተውት ሲመለሱ ከዕቃው ወጥቶ ይጠብቃል። በማግስቱ ወርቄ ቦኖው ጋ ወረፋ ስትጠብቅ የራሷ ቃል ልብስ ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ፣ ኮፍያ ደፍቶ ተመልሶ መጣባት።

«ሰማሽ? ያቺ የሾፌሩ ልጅ የዘርፉን ጫጩት በእጇ እያነሳች ነው አሉ ለጭልፊት የምትሰጠው!»

«አንቺ ምን ሰምተሽ! ወፉን ራሱ ከአርሲ ነገሌ በመኪና ጭነው ነው ያመጡት። የተማረ ወፍ ነው።»

«ተይ!»

«እናትየውስ ለምን ከሰው ጋር የማታወራ ይመስልሻል?»

አዴ ሆራ ከሰው ጋር የማታወራው አማርኛው ስለሚያስቸግራት ነው። ወርቄ ይህን ታውቃለች። ባልዲዋን እንደያዘች ቆመች፤ ጆሮዋ ጋለ። ዞር ብላ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ልትል ፈለገች፤ ግን ማን አለች ያላት አለ? ማንም ስሟን አልጠራም። ያ ነው የሚያስፈራው፤ ወሬው እናት የለውም።

እሁድ ጠዋት የግቢው ስብሰባ ተጠራ፤ እዚያው ግራሩ ሥር። ቀርቷል የሚባል ሰው የለም፤ የቀረ ይቀጣል። ጓድ ገመዳ ወንበር ወጣለት፣ ሌላው ድንጋይና ዱካ ላይ ተቀመጠ። የአብዮት ጥበቃው ሰንበታ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሪዙን ያሻል። ጥይት የላትም የሚሉ አሉ። ተከሳሹም ከላይ ጎጆው ጫፍ ላይ ሆኖ ያዳምጣል።

«ኢትዮጵያ ትቅደም!» አለ ጓድ ገመዳ። ሁሉም እጁን አነሳ። «ጓዶች፣ አጀንዳችን ሁለት ነው። አንደኛ የሽንት ቤቱ ጽዳት፣ ሁለተኛ የጭልፊቱ ጉዳይ።»

የሽንት ቤቱ እንደተለመደው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

እትዬ ዘርፉ ተነስታ አለቀሰች። ጫጩቶቿን በስም እየጠራች ልትቀጥል ስትል ጓድ ገመዳ ቶሎ ብሎ «ገብቶናል፣ ገብቶናል፣ ይቀመጡ» አለ። ከዚያ ቆመ።

«ጓዶች! ባለፈው ሠርቶ አደር ያልነው ወፍ አድኃሪ ሆኖ ተገኝቷል። የሰፊውን ሕዝብ ንብረት እየበላ ነው። ስለዚህ ውሳኔው፣ ጓድ ሰንበታ ወፉን ይመታል፣ ግራሩም ዛሬውኑ ይቆረጣል።»

ልክ ይሄን ሲል ከላይ አንድ ነጭ ነገር ጠብ አለና ኮፍያው ላይ አረፈ። ልጆቹ ጉንጫቸውን ነፍተው ታፈኑ። ማን ይስቃል!

ጓድ ገመዳ ኮፍያውን አውልቆ አየው፣ መልሶ አደረገው፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ዙለይካ መሐመድዘይን! ተነሽ። ወፉን ያለመድሽው አንቺ ነሽ ተብሏል። ጫጩትም ትሰጪው ነበር ተብሏል። በሕዝቡ ፊት ግለሂስ አድርጊ።»

ዙለይካ ተነሳች። አባቷ መንገድ ላይ ነው፤ እናቷ ሥሯ ተቀምጣ ቀሚሷን ይዛለች፤ ምን እንደተባለ ግማሹ ገብቷት ግማሹ አልገባትም፤ የሰዉን ፊት እያየች ትተረጉማለች።

«ጫጩት አልሰጠሁትም» አለች ዙለይካ። «ወላሂ አልሰጠሁትም።»

«ስብሰባ ላይ መሐላ የለም። አድርጌያለሁ፣ አይለምደኝም፣ በይና ቁጭ በይ።»

«አላደረግኩም እኮ። እንዴት አድርጌያለሁ እላለሁ? ደግሞ... ደግሞ ጎጆው ላይ ልጆች አሉት። ዛፉ ሲወድቅ እነሱስ?»

«አሁን ለወፍ ልጅ ነው የምናዝነው?» አለች አንዷ ከኋላ። «የኛስ ዘርፉ?»

የሺ ማልቀስ ጀመረች። ወርቄ ከሰዉ ኋላ፣ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ይኸውና። የፈለገችው ሁሉ ሆነ። ግራሩ ይቆረጣል፤ ትያትሩ ያልቃል፤ ዙለይካን ከእንግዲህ ማንም አጥር ላይ ወጥቶ አያያትም፤ ቅዳሜ የሺ ትመጣለች። ልቧ ላይ ደስታ ፈለገች፤ ቅዝቃዜ ብቻ አገኘች፤ እንደ ጠዋት ባልዲ እጀታ።

«ምስክር አለሽ?» አለ ጓድ ገመዳ፤ እሱም ቶሎ ጨርሶ ኮፍያውን ሊያጥብ ቸኩሏል። «አለመስጠትሽን ያየ?»

ዙለይካ ሰዉን ዞር ዞር ብላ አየች። የሺ ላይ ዓይኗ አላረፈም። አለፈ። ሄደ ሄደና ኋላ መጥቶ ቆመ።

«ወርቄ ትመስክርልኝ» አለች።

ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«እሷ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ነው የምትነሳው። ምንም ነገር አያመልጣትም፣ ሁሉንም ታያለች። እሷ የምትለውን ልቀበል።»

ወርቄ አንገቷ ድረስ ሙቀት ወጣባት። እናቷ በክርኗ ጎሸመቻት። «ተነሽ እንጂ፣ ተጠራሽ!»

ተነሳች። ሰዉ ሁሉ እሷን እያየ ነው፤ ስንት ሳምንት የተመኘችው ይሄንኑ አልነበር? የሺም እያየቻት ነው፤ በለቅሶ ያበጠ ዓይን። አሁን «አላውቅም፣ አላየሁም» ብትል ማንም አይጠይቃትም። ወሬው እናት የለውም።

ዙለይካን አየቻት። ልጅቷ አትለምንም። ቆማ ትጠብቃለች፤ መልሱ እንደማይከፋ ርግጠኛ የሆነ ሰው አጠባበቅ ነው። ያ አሳመማት፤ ከሹሩባው የበለጠ።

«አይጥ ነው» አለች ወርቄ።

«ምን አልሽ? ከፍ አድርጊ!»

«ጫጩቶቹን የሚወስደው አይጥ ነው። አይቻለሁ። አንገቷን ነክሶ ሲጎትታት አይቻለሁ። ጭልፊቱ ተኝቶ ነበር። ጉድጓዱ የዶሮ ቤቱ ሥር ነው፣ በዚያ በጥጉ።»

ጉምጉምታ ሆነ። እትዬ ዘርፉ ብድግ አለች።

«ውሸቷን ነው! እኔ ስጠይቃት ግራሩ ላይ ነበረ አላለችኝም? 'ዙለይካ ናት ያለመደችው' ብላ የነገረችኝ እሷ አይደለችም?»

አሁን ወሬው እናቱን አገኘ። ዙለይካ ሻሿን ወደ አፏ ወሰደችው፣ ግን አልሳቀችም።

«መልሺ እንጂ» አለ ጓድ ገመዳ። «አይጥ ካየሽ ለምን ደበቅሽ?»

ስብሰባ ላይ ይሄ ነገር ሲመጣ ትልልቆቹ ምን እንደሚሉ ወርቄ ታውቃለች፤ ስትሰማ ነው ያደገችው።

«ግለሂስ ላድርግ» አለች።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ግለሂስ! ጓድ ገመዳ ግን መመሪያ መመሪያ ነውና «ቀጥዪ» አለ።

«ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«በዙለይካ።»

«በምኗ?»

«በወፉ። በ... በሹሩባው። በየሺ።»

ሳቁ አሁን ፈረሰ። ጫማ ሰፊው ጉልበቱን መታ። እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «ጉድ! ጉድ! በሹሩባ!» ይላሉ ሴቶቹ እርስ በርስ እየተጎሻሸሙ፤ ዓመት ሙሉ የሚወራ ወሬ ተገኘ። ወርቄ ቆማ ሳቁን ተቀበለችው። መቀመጥ ትችል ነበር፣ አልተቀመጠችም። ዙለይካ አልሳቀችም፤ የሺም አልሳቀችም፣ እጇ ግን ሳታውቀው ሹሩባዋን እየነካካ ነው።

«ይበቃል!» አለ ጓድ ገመዳ። «በቅናት የመጣ ነገር በማስረጃ ይጣራል። የዶሮ ቤቱ ይነሳና ይታይ። ጉድጓድ ካለ ወፉም ግራሩም ይቀራል። ከሌለ...» ሰንበታን አየው። ሰንበታ ጠመንጃውን አስተካከለ።

የዶሮ ቤቱ ከወፍራም የሣጥን ሳንቃ የተሠራ ነው። የናዝሬት ንፋስ እንዳይወስደው ጣሪያው ላይ የድንጋይ ዓይነት ተጭኖበት፣ ድንጋዩም በሽቦ ታስሯል። ዶሮዋ ከነቀሩት ጫጩቶቿ ወጣች። ሰንበታ ጠመንጃውን ለጓድ ገመዳ ሰጠና አንዱን ጥግ ያዘ። ጫማ ሰፊው ሌላውን ያዘ። ሦስተኛውን ማንም ሳይላት ዙለይካ ሄዳ ያዘችው። አራተኛው ጥግ ጉድጓዱ ያለበት ነው፤ ወርቄ ያሳየችው። ሰው ሁሉ እግሩን አየ። ማን አይጥ እግሩ ላይ እንዲወጣ ይፈልጋል?

ወርቄ ሄደችና ያዘችው። ከዙለይካ ጋር ፊት ለፊት ሆኑ፤ ወርቄ ጀርባዋን ለግራሩ ሰጥታለች። ዙለይካ አላየቻትም፤ ሳንቃውን ነው የምታየው።

«አንድ፣ ሁለት... አንሱ!»

ተነሳ። ሥሩ ጉድጓድ ብቻ አልነበረም፣ ከተማ ነበር። መንገዱ፣ ጓዳው፣ የተቦጫጨቀ ጆንያ፣ ቢጫ ላባ እንደ ጥጥ የተነጠፈበት፣ ትንንሽ የጫጩት እግር ተሰብስቦ። «ልጆቼን!» አለች እትዬ ዘርፉ። ማንም ሳይዛት በግንባሯ ተደፋችና እጇን እስከ ትከሻዋ ከሥሩ ከተተች፤ የተረፈ ካለ ብላ።

አይጦቹ ያኔ ወጡ። አንድ አይደሉም፣ አሥር አይደሉም፤ በየሰዉ እግር መሐል! ሰዉ ድንጋይ ላይ ዘለለ፣ ዱካ ተገለበጠ። የአብዮት ጥበቃው ሰንበታ «እናቴ ድረሽ!» ብሎ ሳንቃውን ለቀቀና የጓድ ገመዳ ወንበር ላይ ወጣ። ጫማ ሰፊውም ተከተለው። የዶሮ ቤቱ ድንጋይና ሽቦው ሁሉ በሁለቱ ልጆች እጅ ላይ ቀረ። ከሥሩ የእትዬ ዘርፉ ክንድ አለ፤ ጓድ ገመዳም ጠመንጃውን ጥሎ ክንዷን ከመሳብ ይልቅ ይጮኻል።

ሳንቃው የወርቄን መዳፍ በላው።

«ወርቄ! ወርቄ እዪው! ከኋላሽ ነው! ወረደ!» የሺ ናት፤ በደስታ ትጮኻለች። «ሚስቱም መጣች! ሁለቱም መጡ!»

ከኋላዋ ንፋስ መጣ፤ ክንፍ ማጅራቷን ነካት ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ሲር አለ፣ ተነሳ። ሰዉ በሙሉ «ኦሆሆ!» አለ። ደገመ። ዙለይካ ፊት ለፊቷ ስለሆነች ከወርቄ ትከሻ በላይ ሁሉንም ማየት ትችላለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ሰማዩ ውስጡ አለ።

ወርቄ አንገቷን ማዞር ፈለገች። እንዲህ ያለው ነገር በዕድሜ አንዴ ነው፤ ነገ ቦኖው ጋ ሁሉም ሲያወራው እሷ ምን ትላለች? አንገቷ ከዞረ ግን እጇ እንደሚላላ አወቀች። የሳንቃውን ጫፍ አየች፤ ከሳንቃው ማዶ ያሉትን ቀጫጭን ጣቶች አየች፤ ነጭ ሆነዋል።

«እንዳትለቂ» አለች ዙለይካ። ጥርሷን ነክሳ ነው። ይቅርታም የለበት፣ ቁጣም የለበት።

«አልለቅም።»